ከቀፊራ የገዛሁት ዱባ ወጥ መሆኑ ቀርቶ ሾርባ ሆነብኝ

የከዚራው፦
ሰላም ሰዎች። ከእናቴ ቤት ከወጣሁ ሰባት ወሬ ነው፤ እሷ ሐረር፣ እኔ ድሬ። ዘንድሮ ጽጌን እጾማለሁ ብዬ ከመስከረም 26 ጀምሮ ምስር በምስር ላይ ስበላ ሰለቸኝና ቅዳሜ ቀፊራ ወረድኩ። ዱባው በየመደቡ ተቆልሏል። አንዷን እናት ሩቡን ቁረጭልኝ ብላት «ሙሉውን ውሰድ አቦ! የተቆረጠውን ማን ይገዛኛል?» ብላ አሸከመችኝ። በባጃጅ ጭኜ ገባሁ። አምስት ኪሎ አያንስም።

ሁለት ራስ ሽንኩርት በዘይት ጠበስኩ፣ በርበሬ ጨመርኩ፣ ዱባውን ልጬ እንደ ድንች ከታተፍኩ፣ ጨው በተንኩ፣ እስኪሸፍነው ውሃ ሞልቼ ከደንኩና ስልኬን ይዤ ተቀመጥኩ። ሃያ አምስት ደቂቃ። ስከፍተው ቀይ ውሃ፣ ውስጡ ክር ክር የሚል ነገር። በእንጀራ ሳነሳው እስከ ክርኔ ወረደ።

የእናቴ ዱባ እኮ ቁርጡ አይፈርስም፣ ወጡም ወፈር ያለ ነው። ልደውልላት አስቤ ነበር፤ ግን በሰባት ወር አንድም ቀን «አቃተኝ» ብያት አላውቅም፣ በዱባ አልጀምርም። ግማሹ አሁንም ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ፍሪጅ የለኝም። ምን ላድርገው?

ደቻቱ ማዶ፦
ሃያ አምስት ደቂቃ ከድነህ! ዱባው ምን በደለህ አቦ?

ሸዋ በር፦
ልጄ፣ እኔ ሐረር ነኝ፤ የሸዋ በር ገበያ ደጄ ላይ ነው። ዱባህን ሳላየው አውቀዋለሁ፦ እሸት ነው። በዚህ ሰሞን የሚመጣው ገና ከሐረጉ የተቆረጠ ነው። እናትህ ቤት የበላኸው ግን ሦስት አራት ሳምንት አልጋ ሥር የተኛ ይሆናል። ዱባ ሲያርፍ ስታርቹ ወደ ስኳር ይለወጣል፤ ለዚያ ነው የቆየው የሚጣፍጠው። እኛ ጋ ብርድ ስለሆነ ይቆይልናል። እናንተ ከእኛ ወደ 700 ሜትር ዝቅ ብላችሁ ነው ያላችሁት፤ በዚያ ሙቀት ሙሉውንም ቢሆን ጥላ ካላስቀመጥከው አይከርምልህም።

ስትገዛ ጭራውን እይ። ደርቆ እንጨት የመሰለውን ያዝ። ቆዳውን በጥፍርህ ጫር አድርገው፤ ጥፍርህ ከገባ እሸት ነው፣ ተወው። መጠናቸው እኩል ከሆነ ከባዱን አንሳ።

አሁን ወደ ድስቱ። ዱባ ከአሥር እጅ ዘጠኙ ውሃ ነው፤ አንተ ውሃ በውሃ ነው የቀቀልከው። ወጡን የሚያወፍረው ሽንኩርት ነው። ለአንድ ኪሎ ዱባ አምስት ራስ ቀይ ሽንኩርት ድቅቅ አድርገህ ክተፍ። መጀመሪያ ያለ ዘይት በደረቁ አቁላላው፤ ያዝ ሲያደርግ ውሃ ጠብ እያደረግህ። ቡናማ ሲሆን ዘይቱን፣ ከዚያ በርበሬውን። በርበሬን አታቻኩል፤ ሩብ ሰዓት ስጠው፣ ጥሬ በርበሬ እንደሆነ ሆድ ነው የሚያቃጥል። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል አስከትል።

ዱባውን በትልልቁ ቁረጠው፣ የክብሪት ቀፎ የሚያህል። ቆዳው ስስ ከሆነ አትላጠው፤ ቁርጡን እንዳይፈርስ የሚይዝልህ እሱ ነው። ቁሌቱ ላይ ደርድረህ አንድ የቡና ስኒ ውሃ ብቻ። ማማሰያ አታስገባበት! ድስቱን በሁለት ጆሮው ይዘህ ወዝወዝ አድርገው። አምስት ደቂቃ ከድነው፣ ከዚያ ክፍቱን ይብሰል። ጨው በመጨረሻ፤ ቀድሞ ከገባ ውሃውን ጎትቶ ያወጣዋል። ሹካ እንደገባለት አውርደው፣ የቀረውን በራሱ ትኩሳት ይጨርሳል። ኮረሪማ ቁንጥር።

ጎረቤቴ ሐረሪ ናት፤ ማታ የዘፈዘፈችውን አብሽ መራራ ውሃውን ደፍታ፣ አረፋ እስኪሆን መትታ ላዩ ላይ ጣል ታደርግበታለች። መጀመሪያ የቀመስኩ ቀን ፊቴን አጨማደድኩ። አሁን እኔም ያለሱ አላቀርብም።

ጠረጴዛ ላይ ያለውን ዛሬውኑ አብስል። እስከዚያ ግን ፍሬውንና ክሩን ጥረግለት፤ ቀድሞ የሚበላሸው እሱ ነው። ፍሬውን እንዳትጥል፤ አጥበህ፣ አስጥተህ፣ በጨው ቁላው።

ሳቢያን፦
እኔ ሁለት ድንች ጣል አደርግበታለሁ፤ ያወፍረዋል፣ ይባረክለታል።

ሸዋ በር፦
ድንች ከገባበትማ የድንች ወጥ በሉት።

የከዚራው፦
እግዜር ይስጥሽ። (አንቺ ያልኩት ንቄሽ አይደለም፤ ሐረር አድጎ ድሬ የሚኖር ሰው ሌላ አያውቅም።) አንድ ጥያቄ፦ የአጎቴ ልጅ «ዱባ ሆድ መሙያ ነው እንጂ ምን አለው?» ይለኛል። እውነት ነው?

ሲስተር፦
ጤና ጣቢያ ነው የምሠራው፣ ለእናቶች ስናገር የምውለው ይህንኑ ነው። ያ ብርቱካናማ ቀለም ቤታ ካሮቲን ነው፤ ሰውነት ቫይታሚን ኤ ይሠራበታል፣ ለዓይንም ለበሽታ መከላከያም። ግን ያለ ቅባት በደንብ አይገባም፤ ስለዚህ ጾም ነው ብለህ ዘይቱን አትሰስት። ስኳር ድንችም ስትገዛ ውስጡ ብርቱካናማ የሆነውን ጠይቅ፣ ነጩ በዚህ በኩል ብዙም የለውም። ከዱባው ጎን ጎመን አድርግ። ጎመኑን ቀቅለህ ውሃውን አትድፋ፣ ስትበላም ሎሚ ጭመቅበት፤ ሎሚው ብረቱን ሰውነትህ እንዲወስድ ይረዳዋል። ቡናና ሻይ ብረቱን ስለሚይዙት ከምግቡ አንድ ሰዓት ያህል አርቃቸው። ይሄን ለድሬ ሰው መናገር ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ።

ደቻቱ ማዶ፦
ቡናውን ብቻ ተዪልን።

የከዚራው፦
ተመልሻለሁ። የመጀመሪያውን ሽንኩርት አሳረርኩት፤ በደረቁ ሲባል እሳቱን ቀንስ ያለኝ የለም። ሁለተኛው ተሳካ። ዱባው ቁርጥ ቁርጡን እንደሆነ ወጣ፣ ቆዳውም እንደ ቅቤ ለስልሶ ተበላ። አብሹን አልደፈርኩም። ፎቶ አንስቼ ምንም ሳልጽፍ ለእናቴ ላክሁላት። «ሽንኩርቱ ስንት ራስ ነው?» ብላ መለሰች። አምስት አልኳት። «ማነው ያስተማረህ?» አለች። እስካሁን አልመለስኩላትም።

ፍሬውን ቆርቆሮ ላይ አስጥቼው ሥራ ሄድኩ፤ ስመለስ ቁራ ለቅሞ ሦስት ፍሬ ነው የተወልኝ።

ሸዋ በር፦
ወንፊት ድፋበት፣ ላዩ ላይ ድንጋይ።