ደንበኛው የእድር አባል ሲሆን፦ ለሥነ ልቦና አማካሪ ድንበሩ የት ነው? ሕጉስ የት ይይዘዋል?

አዲስ_ቢሮ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ስታዲየም አካባቢ ለሚከፈት አነስተኛ የሥነ ልቦና ምክር ቢሮ የውስጥ ደንብና የስምምነት ቅጽ እያረቀቅኩ ነው። ከውጭ የሚወርዱት ቅጾች «ከደንበኛ ጋር ከሕክምናው ውጭ ምንም ግንኙነት አይኑር» ብለው ይዘጉታል። አዲስ አበባ ላይ ይሄ አይሠራም። ደንበኛው የእድርህ አባል ነው፣ ወይ ልጆቻችሁ አንድ ክፍል ይማራሉ፣ ወይ በአንድ የጽዋ ማኅበር ትገናኛላችሁ።

ታዲያ ቅጹ ላይ ምን ይጻፍ? መንገድ ላይ ሰላምታ አለ፣ የበዓል ስጦታ አለ፣ ለቅሶ አለ፣ ማታ የሚላክ የቴሌግራም መልእክት አለ። ከዚያ ደግሞ ፍርድ ቤት፦ ፍቺ ላይ ያለች ደንበኛ ባል በጠበቃው በኩል «ስለ እሷ የያዛችሁትን ስጡኝ» ብሎ ቢጽፍስ? በመጨረሻም «ሕክምናው ካለቀ ሁለት ዓመት ካለፈው የፍቅር ግንኙነት ይፈቀዳል» ሲባል እሰማለሁ። ከየት የመጣ ነው? አንቀጽ የምታውቁ በቁጥር ብትነግሩኝ።

የስድስት_ኪሎዋ

ወንድሜ፣ ከሰላምታው ልጀምር፤ ቀላል ስለሚመስል ሁሉም ይዘለዋል። እዚህ አገር ሰው አይቶ ማለፍ ወይ ኩርፊያ ነው ወይ ንቀት። ደንበኛህን እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ዝም ብለህ ብታልፋት ሐሙስ አትመጣም፤ ለምን እንደቀረችም አትነግርህም። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን፣ ገና ጉዳይዋን ሳትጀምር፣ እንዲህ በላት፦ «ውጭ ብንገናኝ ቀድሜ ሰላም አልልዎትም። ንቄዎት አይደለም፤ አብሮዎት ያለው ሰው ከየት እንደምንተዋወቅ ጠይቆ እንዳያስጨንቅዎት ነው። እርስዎ ሰላም ካሉኝ እመልሳለሁ፤ የቢሮውን ጉዳይ ግን እዚያ አናነሣም።» በቃ ይሄው ነው። ቅጹም ላይ ቃል በቃል ይግባ።

ሌላው «እርስዎ» የሚለው ቃል ራሱ ነው። የውጭዎቹ ቅጾች ይህ መለኪያ የላቸውም፣ እኛ ግን አለን። በ«እርስዎ» የተጀመረ ነገር በስድስተኛው ሳምንት «አንቺ»፣ በአሥረኛው «የኔ ቆንጆ» ከሆነ፣ አጥሩ መቼ መነቅነቅ እንደጀመረ ምላስህ ነግሮሃል። ለወጣት ከመጀመሪያው «አንተ» ማለት ነውር የለውም። የሚያሳስበው መሃል ላይ ማንም ሳይጠይቅ መቀየሩ ነው። «ልጄ» ማለትም እንዲሁ፦ ልጅ የተባለች ሴት ቀጠሮ ስታጎድል ክፍያ መጠየቅ ያሳፍርሃል፣ አንተን መቃወምም ያሳፍራታል። ዶክተር ሳይሆን «ዶክተር» የሚባል ደግሞ ዕለቱኑ ያርም። ዝም ያለ ሰው ነገ «ሐኪም መስሎኝ ነው የከፈልኩት» ለሚል ክስ በር ከፍቷል። ታፔላውም ላይ ያው ነው፤ የምክር አገልግሎት ፈቃድ ይዞ «ሕክምና» ብሎ መስቀል አይገባም።

ስጦታን በብር መጠን ብቻ አትወስን። ለገና የመጣ ድፎ ዳቦ ቢመለስ ስድብ ነው፤ ተቀበል፣ ከቢሮው ሰዎች ጋር ቁረሱት፣ ቤት አትውሰድ፣ ማስታወሻህ ላይ ጻፍ። ግማሽ ኪሎ ቡናም እዚያው ይፈላ። የሚለበስ ነገር፣ ወርቅ፣ ስልክ፣ ጥሬ ገንዘብ ግን አይሆንም፣ ቢያለቅሱም። ሲመልሱት «አልፈልግም» አይባልም፤ «ይህን ከተቀበልኩ ነገ የማይወዱትን እውነት ልነግርዎት ይከብደኛል» ቢባል ይገባቸዋል። ስጦታው የመጣው ክፍያ ባለፈ ወይም ደብዳቤ በተጠየቀ ሰሞን ከሆነ ደግሞ ዳቦም ቢሆን ቆም ብለህ አስብ።

ለቅሶ ላይ መሄድ ይቻላል ባይ ነኝ፤ ደንበኛው ራሱ ከጠየቀ፣ ለግማሽ ሰዓት፣ ብቻህን። «ይሄ ሰውዬ ማነው?» ሲባል የሚሰጠውን መልስ አስቀድሞ እሱ ይምረጥ።

ጠበቃ_ልደታ

ቁጥር ስለተጠየቀ ቁጥር ልስጥ።

የሙያ ሚስጥር በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 399 ነው። ሐኪሞችን፣ ነርሶችን፣ ጠበቆችን፣ የሃይማኖት አገልጋዮችን ይዘረዝርና በሙያው፣ በውል ወይም በሕግ ሚስጥር የመጠበቅ ግዴታ ያለበትን ሌላ ሰው ሁሉ ይጨምራል። «የሥነ ልቦና ባለሙያ የሚል ቃል አልተጻፈም» ብሎ ማምለጥ አይቻልም፤ ቅጹ ላይ «ሚስጥር እጠብቃለሁ» ብለህ የፈረምክ ዕለት በውል ገብተህበታል። ክሱ የሚነሣው በተበዳዩ አቤቱታ ነው፣ ቅጣቱም ቀላል እስራት ወይም መቀጮ። አንቀጽ 400 ደግሞ መቼ መናገር እንደሚቻል ይገልጻል፤ ለእናንተ ዋናዎቹ የባለጉዳዩ ግልጽ ፈቃድና የፍርድ ቤት ግልጽ ትእዛዝ ናቸው።

ከዚህ የባልየው ጠበቃ ጥያቄ ይመለሳል። የጠበቃ ደብዳቤ ትእዛዝ አይደለም፣ የቱንም ያህል ማኅተም ቢኖረው። ፖሊስ በስልክ የጠየቀውም ትእዛዝ አይደለም። ደብዳቤው ሲመጣ «አዎ ደንበኛችን ናት» እንኳ አይባልም፤ ያ ራሱ ሚስጥር ነው። የሚጻፈው መልስ አንድ ነው፦ «ቢሮው ማንም ሰው ደንበኛው ይሁን አይሁን አይገልጽም፤ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ከቀረበ በሕጉ መሠረት ምላሽ ይሰጣል።» ቀጥሎ ለደንበኛዋ በአካል ይነገራል። ትእዛዝ ከመጣ ችሎቱን፣ የመዝገብ ቁጥሩን፣ ምን እንደተጠየቀ አንብብ። «ክትትል ላይ ነበረች ወይ?» ከሆነ ጥያቄው፣ መልሱ አዎ ወይም የለም ከነቀኑ ነው። ሙሉ ፋይል ጠቅልሎ መላክ ትልቁ ስሕተት ነው፤ የተላከ ወረቀት ከመዝገቡ ጋር ይታሰራል፣ ተከራካሪው ወገን በሙሉ ያነበዋል። ትእዛዙ ከመጠን በላይ ሰፊ ከመሰለህ እንዲጠብ ለችሎቱ በጽሑፍ አመልክት፤ ዝም ብሎ አለመቅረብ ግን ሌላ ጣጣ ነው።

ደንበኛዋ ራሷ «ልጆቹ ለእኔ እንዲሰጡ ጻፍልኝ» ካለችስ? ስለ እሷ ክትትል መጻፍ ትችላለህ። ያላየኸውን አባት ከእሷ ጋር አወዳድረህ ለማሳደግ ማን ይሻላል ማለት ግን አትችልም። ረዳትና ገለልተኛ መዛኝ አንድ ሰው ሊሆኑ አይችሉም። የመስቀለኛ ጥያቄው የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር «አባትየውን አነጋግረውታል?» ነው የሚሆነው።

አሁን ሁለት ዓመቱ። የመጣው ከአሜሪካ ሳይኮሎጂ ማኅበር የሥነ ምግባር ደንብ ነው፣ ቁጥር 10.08። የሚለው ግን «ሁለት ዓመት ቆጥረህ ግባ» አይደለም። ከሁለት ዓመት በፊት ፈጽሞ ክልክል፤ ከዚያ በኋላም እጅግ የተለየ ሁኔታ ካልሆነ በቀር አይፈቀድም፣ ብዝበዛ እንዳልነበረ የማስረዳት ሸክሙም የባለሙያው ነው። የአሜሪካ ካውንስሊንግ ማኅበር 5 ዓመት ይላል፤ የሳይካትሪስቶቹ (የአእምሮ ሐኪሞቹ) ማኅበር ደግሞ በፍጹም አይፈቀድም ይላል። እዚህ አገር ነገሩን የሚያወሳስበው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 2143 ነው፤ ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት ካሣ የሚጠየቅበት ጊዜ ሁለት ዓመት ነው። ሰው ሁለቱን ሁለት ዓመቶች ያምታታል።

በእኛ ሕግ መታየት ያለበት የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 625 ነው፦ የሴትን ቁሳዊ ወይም የመንፈስ ችግር፣ ወይም በእሷ ላይ ያለን ሥልጣን መጠቀሚያ አድርጎ የግብረ ሥጋ ግንኙነት ወይም ሌላ የንፅህና ክብርን የሚነካ ድርጊት መፈጸም። «ፈቅዳ ነው» የሚለው መከላከያ እዚህ ብዙ አያስኬድም፤ አንቀጹ የሚጠይቀው ጉልበት ነበር ወይ ብሎ ሳይሆን ጭንቀቷን ተጠቅመሃል ወይ ብሎ ነው። ጭንቀቷ ደግሞ በራስህ እጅ ጽሑፍ ፋይሉ ውስጥ ተቀምጧል። ዕድሜዋ ከ18 በታች ከሆነ ወደ ከባዶቹ አንቀጾች ይሻገራል።

የካሣው መሠረት የፍትሐ ብሔር አንቀጽ 2031፣ የሙያ ጥፋት ነው። ከዚህ ሌላ ፈቃድ ለሰጠው ተቆጣጣሪ አካል የሚቀርብ አቤቱታ አለ። ሦስቱም ጎን ለጎን ሊሄዱ ይችላሉ።

እርሳስ

ከላይ ያሉት አፍን ነው የጠበቁት፤ እኔ ግድግዳውን ልጨምር። መሃል ከተማ ሕንፃዎች ላይ ክፍሎች የሚከፈሉት በጂፕሰም ወይም በቺፕውድ ፓርቲሽን ነው፣ ፓርቲሽኑም ብዙ ጊዜ ኮርኒሱ ጋ ይቆማል። ድምፅ ከኮርኒሱ በላይ ተሻግሮ ጎረቤት ቢሮ ይወርዳል። ውል ከመፈረምህ በፊት አንድ ሰው በር ዘግቶ ጋዜጣ በመደበኛ ድምፅ ያንብብ፤ አንተ መጠበቂያው ወንበር ላይ ተቀመጥ። ማጉረምረም ከሰማህ ደህና ነው፣ ቃል ከለየህ አይሆንም። ፓርቲሽኑን ከኮርኒሱ በላይ እስካለው የኮንክሪት ስላብ ማድረስ፣ የበሩን ሥር በጎማ መዝጋት፣ መጠበቂያው ላይ ሬዲዮ መክፈት። የመጀመሪያው ውድ ነው ግን የሚሠራው እሱ ነው።

ቴሌግራም፦ ተራው ቻት ሰርቨር ላይ ይቀመጣል፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚመሰጠረው «ሚስጥራዊ ቻት» የሚባለው ብቻ ነው። ለቀጠሮ ብቻ ይዋል። ቅጹ ላይ «መልእክት ከጠዋቱ 3:00 እስከ 11:00 ይነበባል፣ ለአስቸኳይ አይሆንም» ተብሎ፣ ለአስቸኳይ የት እንደሚኬድ በስም ይጻፍ፤ አማኑኤል ሆስፒታል ወይም ቅርብ ያለ ድንገተኛ ክፍል። ማታ ረጅም መልእክት ቢመጣ መልሱ «ደርሶኛል፣ ሐሙስ እናየዋለን» ነው። ራስን የመጉዳት ፍንጭ ያለው ከሆነ ግን ሰዓት አይታይም፤ ይደወላል፣ ቅጹ ላይ ለዚሁ የተመዘገበው የቤተሰብ ስልክም ይደወላል።

በቴሌብር ወይም በባንክ ሲከፈል ምክንያት የሚጻፍበት ቦታ ላይ «አገልግሎት» ብቻ ይሁን። «ካውንስሊንግ» ብለህ ካስጻፍክ የጋራ ሒሳብ ያለው ባል ስቴትመንቱን ሲያወጣ ያገኘዋል።

ማስታወሻ፦ ቀን፣ መግቢያና መውጫ ሰዓት፣ ዋናው ጉዳይ፣ አደጋ ተጠይቆ ምን እንደተባለ፣ ቀጣዩ። ለምሳሌ፦ «ጥር 2 ቀን 2017፣ ከጠዋቱ 4:00–4:50። እንቅልፍ ከ4 ሰዓት አይበልጥም ትላለች። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ተጠይቃ የለም ብላለች። ድፎ ዳቦ አምጥታለች፣ ለሠራተኞች ተቆርሷል። ቀጣይ ጥር 9።» «ባሏ ክፉ ነው» ተብሎ አይጻፍም፤ «ባሏ እንደሚመታት ተናግራለች» ይባላል። ስሕተት በአንድ መስመር ተሰርዞ ይፈረምበታል፤ ነጭ ቀለም አይቀባም።

ሰዓት ላይ ተጠንቀቁ። ስልኩ 21:40 ያለው በእኛ ከምሽቱ 3:40 ነው። ማስታወሻው ላይ ባዶውን «3:40» ከተጻፈና የቴሌግራም ቅጂ ማስረጃ ሆኖ ከቀረበ፣ ሁለቱ የተለያየ ሰዓት ይመስላሉ። «ከምሽቱ» የምትለዋ ቃል አትቅር።

ቀስ_በቀስ

በለቅሶው ከየስድስት ኪሎዋ ጋር አልስማማም። ግማሽ ሰዓት ብሎ ነገር ድንኳን ውስጥ የለም፤ ንፍሮ ይቀርባል፣ አጠገብህ የተቀመጠው ይጠይቃል፣ ደንበኛው በሐዘኑ መሃል ለአንተ ውሸት ማስታወስ ይጠበቅበታል። ስልክ ደውሎ «እግዚአብሔር ያጽናዎት» ማለት፣ ቀጣዩን ቀጠሮ ደግሞ እሱ ሲችል ማድረግ ይበቃል። እድሩ የአንተም ከሆነ ግን መቅረትህ ነው የሚያስጠይቀው፤ ያኔ እንደ እድርተኛ ሂድ፣ እንደ እድርተኛ ተቀመጥ።

ማንም ያላነሣው፦ ደንበኛዋ «ወድጄሃለሁ» ስትል። በዚያው ቀን ወደ ሌላ ባለሙያ መላክ ቅጣት ሆኖ ይሰማታል። መቆጣትም፣ መሳቅም አይሆንም። «ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ፤ በመካከላችን ያለው ሥራ ብቻ ሆኖ ይቀጥላል፣ ስሜቱን ግን እዚሁ ልናየው እንችላለን» ይባላል፣ ይጻፋል፣ በሳምንቱ ውስጥ ለሱፐርቫይዘር፣ ማለትም የአማካሪውን ሥራ ለሚከታተለው ባለሙያ፣ ይቀርባል። ስሜቱ ከአማካሪው ወገን ከሆነ ግን ማየት የለም፤ በ2 ወይም 3 ቀጠሮ ውስጥ ወደ ሌላ ማስተላለፍ፣ ምክንያቱን ሸክም አድርጎ እሷ ላይ ሳይጭኑ። ምልክቱን ለማወቅ ቀጠሮ ሰጪዋን ጠይቅ፦ የማን ሰዓት ነው ሁልጊዜ የሚረዝመው? የማን ቀጠሮ ነው ሠራተኛ ከወጣ በኋላ የሚያዘው?

አዲስ_ቢሮ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሁለት ነገር ቀረኝ። የ16 ዓመት ልጅ እናቱ እየከፈለች ሲመጣ ምን ይነገራታል? ፋይሉስ ስንት ዓመት ይቀመጥ?

ጠበቃ_ልደታ

በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ከ18 በታች አካለ መጠን ያላደረሰ ነው፤ ስለዚህ ስምምነቱን አሳዳሪው ይፈርማል። ልጁም ከጎኑ ይፈርም፤ ሕግ ስላስገደደ ሳይሆን ነገ «አልተነገረኝም» እንዳይል።

ፋይሉን 10 ዓመት በል። የሁለት ዓመቱ ከውል ውጭ ላለው ነው፤ አንተ ግን ውል ፈርመሃል፣ በውል ላይ የተመሠረተ ክስ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1845 አሥር ዓመት አለው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ስለወጣ ደግሞ የጤና መረጃ ልዩ ጥንቃቄ የሚሻ ሆኗል፤ ለምን እንደሚያዝና ለስንት ጊዜ እንደሚቀመጥ ቅጹ ላይ ጻፈው።

የስድስት_ኪሎዋ

እናትየዋን በተመለከተ፣ ሦስታችሁም ባላችሁበት በመጀመሪያው ቀን ተናገሩት፦ «መምጣቱን፣ አለመምጣቱን፣ ባጠቃላይ እየተሻለው መሆኑን እነግርዎታለሁ። ሕይወቱ ወይም የሌላ ሰው ሕይወት አደጋ ላይ ከሆነ ሁሉንም እነግርዎታለሁ። የቀረውን እሱ ካልፈቀደ አልናገርም።» እናት «እኔ እየከፈልኩ?» ማለቷ አይቀርም። ክፍያውን ከመቀበልህ በፊት ነው ይህ የሚያልቀው፤ ካልተስማማች ቀጠሮው አይያዝ።