የሕመም ቀን ገንዘብ፦ የቀን ሠራተኞችና ለራሳችን የምንሠራ ሰዎች ማኅበር ለጠቅላላ ጉባኤ የምናቀርበው ረቂቅ ላይ ውይይት

ጸሐፊው (ደብረ ብርሃን)፦
እንደምን ሰነበታችሁ። ባለፈው እሑድ "የአባላት ጤናና ዕረፍት" የምትል አንድ መስመር ጽፈን ተለያየን። እንደዚያው ብትቀርብ ጉባኤው "ጥሩ ነው" ብሎ ያልፋታል። ስለዚህ ገንዘብ አስገብቼባት ይቺን ጻፍኩ፦
"38ቱ አባላት በየወሩ 200 ብር ያዋጣሉ። ታሞ ሥራ ያልወጣ አባል በቀን 300 ብር፣ በዓመት እስከ 10 ቀን ይከፈለዋል።"
ቁጥሩን እንደፈለጋችሁ አፍርሱት።

ግንበኛው፦
እድር አለን እኮ የሚል ሰው እንደሚመጣ ስለማውቅ ቀድሜ ልናገር። እድር የሚደርሰው ስሞት ነው። አምና በኅዳር፣ በዚያ ውርጭ፣ ብሎኬት ሳነሳ ወገቤን ያዘኝ። የእድራችን ሰዎች መጥተው ጠየቁኝ፣ እግዜር ይማርህ አሉኝ፣ አላማቸውም። የቤት ኪራዩ ግን ታሟል ብሎ አይጠብቅም። አራት ቀን ተኝቼ በአምስተኛው ወገቤን በነጠላ አስሬ ወጣሁ። የአራት ቀኑ ሕመም የሦስት ሳምንት ሆነ። ያኔ ሌላ ሦስት ቀን የሚያስተኛኝ ገንዘብ ባገኝ ኖሮ ይኼ ሁሉ አይመጣም ነበር።

ቀለም ቀቢው፦
እኔ የምለው፣ ከእኛ ኪስ ለምን ይወጣል? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሕመም ፈቃድ ይሰጣል። የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዩ ሁለት ወር በግማሽ። አሠሪዎቹን እንጠይቅ።

ግንበኛው፦
ወንድሜ፣ አንቀጹን ጨርሰህ አንብበው። የሙከራ ጊዜውን ለጨረሰ ሠራተኛ ነው የሚለው። ሙከራው እስከ 60 የሥራ ቀን ሊሄድ ይችላል። አንድ ሳይት ላይ 60 ቀን የቆየኸው መቼ ነው? አርማታው ሲሞላ ፎርማኑ "ነገ አትምጡ" ይላል፣ አለቀ። መብታችንን አንጠይቅ አላልኩም። ክርክሩ እስኪያልቅ ግን ሰው ይራባል።

ጽሑፍና ዲዛይን የምትሠራዋ፦
እኔንማ አዋጁ ጭራሽ አያውቀኝም። በራሱ ሙያ ኃላፊነት ዋጋ ተቀብሎ የሚሠራ ሰው ከአዋጁ ውጭ ነው። ስለዚህ ይኼን የመዋጮ ቋት እደግፋለሁ። አንድ ጥያቄ አለኝ፦ በ2015 መጨረሻ ኔት ሲቋረጥ አልታመምኩም፣ ሥራ ግን አልነበረኝም። እንዲህ ያለው ይገባል?

ገንዘብ ያዥዋ፦
አይገባም እህቴ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። ሥራ ላጣ ከከፈልን ክረምት ላይ ሁላችንም ተቀባይ እንሆናለን፤ ዝናቡ ሲገባ ግንባታውም ይቆማል።
ጋሼ ጸሐፊ፣ የእርስዎ ሒሳብም ልክ አይደለም። 38 ሰው በዓመት 2,400 ብር ቢያዋጣ 91,200 ብር ነው። ሁላችንም 10 ቀን ብንታመም 114,000 ያስፈልጋል። 22,800 ይጎድላል። ሁሉም አይታመምም ይሉኛል፤ እኔ ግን ባዶ ሳጥን ይዤ ሰው ፊት መቆም አልፈልግም። ስምንት ቀን ይሁን፣ ልክ ይመጣል።
መዋጮውም በክረምት አይሰበሰብም። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ባሉት ስምንት ወራት 300 እንክፈል፣ ድምሩ ያው ነው።

ጸሐፊው፦
ተቀብያለሁ። ድሮም ሒሳብ አይሆንልኝም።

ቆላ እየወረደ የሚሠራው፦
ሁሉም አይታመምም ያላችሁት እኛን ረስታችሁ ነው። አምና በጥቅምት ለማሾ ሥራ ሸዋ ሮቢት የወረድነው 11 ነበርን። ከመስከረም እስከ ኅዳር እዚያ የወባ ወቅት ነው፣ እኛ ደግሞ የደጋ ልጆች ነን። ክፉነቱ፣ ወባ በነከሰችህ ማግስት አያምህም። ምልክቱ ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 15 ቀን በኋላ ነው የሚመጣው። አንተ ያኔ ደብረ ብርሃን ገብተህ ጋቢ ለብሰሃል። ሲያንቀጠቅጥህ "ብርድ ነው" ብለህ ዝንጅብል ትጠጣለህ። እኔ አምስት ቀን እንደዚያ አሳልፌያለሁ።
እንዲህ ይጨመር፦ ወደ ቆላ የሚወርድ አባል አጎበር ይዞ ይውረድ፣ ከተመለሰ በኋላ ትኩሳት ከያዘው በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሄዶ ደም ይመርመር። ማኅበሩ አጎበር ገዝቶ ቢያውስ ከሕመም ቀን ክፍያው ይረክሳል።

ገንዘብ ያዥዋ፦
አጎበሩን እደግፋለሁ። ግን ታምሜያለሁ ያለውን ሁሉ ማን ያረጋግጣል?

አያ (ጫኝና አውራጅ)፦
ልጆቼ፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት በቃሉ እንመነው። አንድ አባል ሄዶ ይጠይቀው፣ መጠየቅ ወጋችን ነው። ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ የጤና ጣቢያ ወረቀት ያምጣ። ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ያልገባ ካለ ደግሞ ምዝገባው በዓመት አንዴ፣ በቤተሰብ ነውና ወቅቱ ሳያልፈው ይግባ።

ጽሑፍና ዲዛይን የምትሠራዋ፦
የእኔ ሕመም በደም ምርመራ አይታይም። ግንቦትና ሰኔ የተመራቂ ተማሪ ጽሑፍ ይከመርብኛል፤ ስልኬ ሌሊት ስድስት ሰዓት ይጮኻል። አምና ሦስት ሳምንት በቀን አራት ሰዓት ነበር የምተኛው። ሥራው አልቆ እንኳ እንቅልፍ እምቢ አለኝ፣ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ይኼ ሕመም ነው ወይስ ስንፍና?

ግንበኛው፦
ተቀምጦ መጻፍም ያደክማል እንዴ? (ስቀልድ ነው)

አያ፦
አንተ ሰው፣ ተው። እኔ ጀርባዬ ሲያመኝ ማታ ማታ አረቄ ቤት እገባ ነበር፣ ሕመሙን ያስረሳኛል ብዬ። የቀኑን ገቢ ነበር የረሳሁት። የልጅቱ እንቅልፍ ማጣትና የእኔ አረቄ አንድ ነው፤ ዕረፍት የሚባል ነገር ስላልነበረን ነው። ሕመም ነው ብላችሁ ጻፉት።

ገንዘብ ያዥዋ፦
ይጻፍ። ግን እንቅልፍ ላጣችበት ከመክፈል የሚያሳጣትን ነገር ማስቀረት አይሻልም? ለራሳቸው የሚሠሩት አባላት አንድ ደንብ ይያዙ፦ ግማሽ ቀብድ ሳይቀበሉ ሥራ አለመጀመር፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ ለደንበኛ ስልክ አለማንሳት።

ጽሑፍና ዲዛይን የምትሠራዋ፦
ቀብዱን ብቻዬን ሞክሬው ነበር፣ ደንበኛው ጎረቤቴ ጋ ሄደ። ጎረቤቴም አባላችን ነው! ሁላችንም ከያዝነው ግን የሚሄድበት የለውም። ስልኩንም እሞክራለሁ፣ ሰኔ ላይ አትፍረዱብኝ እንጂ።

ጸሐፊው፦
እንግዲህ ለጉባኤው የሚሄደው ይኼ ነው፦
"አባላት ከጥቅምት እስከ ግንቦት በየወሩ 300 ብር ያዋጣሉ። የታመመ አባል በቀን 300 ብር፣ በዓመት እስከ 8 ቀን ይከፈለዋል። ሁለት ቀን በጠያቂ አባል ቃል፣ ከዚያ በኋላ በጤና ጣቢያ ወረቀት። የአእምሮ ድካምና እንቅልፍ ማጣት ከሕመም ይቆጠራል። ቆላ ለሚወርዱ ማኅበሩ 11 አጎበር ይገዛል። ለራሳቸው የሚሠሩ አባላት ያለ ግማሽ ቀብድ ሥራ አይጀምሩም፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ ስልክ አያነሱም።"
ዘንድሮ ከየካቲት ከጀመርን እስከ ግንቦት 45,600 ብር ይሰበሰባል፤ ክፍያው የወባው ወቅት ሳይጠና በመስከረም ይጀምራል።

ገንዘብ ያዥዋ፦
አጎበሩ ከየትኛው ብር ነው የሚገዛው? ከ45,600ው ከሆነ አልፈርምም።

ጸሐፊው፦
እሱን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በዘጠኝ ሰዓት ፊት ለፊት እንጨርሰው። ባጃጅ ያለው አባል ወንበር ያምጣልን፣ ባለፈው ግማሾቻችን ቆመን ነው የተሰበሰብነው።