አጭር ልብወለዴ አንጻሩ (ታሪኩ በማን ዓይን እንደሚተረክ) ላይ ተበላሽቶብኛል፤ እስቲ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ሐዋሳ ነው የምማረው፤ ዋናው ትምህርቴ አካውንቲንግ፣ ማይነሬ የፈጠራ ጽሑፍ። የማስረክበው ልብወለድ ከ2000 ቃል ማለፍ የለበትም፣ ረቂቁ 2600 ነው። መቼቱ ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፤ ገጸ ባሕርያቱ ዓሣ አጥማጁና ዓሣ ሻጯ ሚስቱ።

ትረካው በሦስተኛ መደብ፣ በእሱ ዓይን ብቻ የተወሰነ ነው። መረቡ ባዶ ሲወጣ ግን እሷ በልቧ ያሰበችው፣ ጥላው ልትሄድ መሆኗ፣ ትረካው ውስጥ ገባ። እሱ ይህን ሊያውቅ አይችልም፤ ግጭቱ ገና ሳይከርር አንባቢው መልሱን ያገኛል። ተራኪውን ሁሉን አወቅ ባደርገው ልብ ሰቀላው ይጠፋል። ሐሳቧን ብሰርዘው ደግሞ መጨረሻው ዱብ ዕዳ ይሆናል። ለጊዜው በድርጊት ተክቼዋለሁ፦ የቆሮሶ ዓሣውን ቅርፊት ከቢላዋው ጠርጋ፣ ሚዛኑን ገልብጣ ታስቀምጣለች። ይሄ ብቻ መሄዷን ይጠቁማል? ወይስ አንድ መስመር ምልልስ ልጨምር?

የሐይቁን ገለጻ ቆርጬዋለሁ (እዚህ የሚጻፍ ሁሉ በሐይቅ ነው የሚጀምረው)፤ አሁንም 300 ቃል ይተርፋል። ከየት ልቀንስ?