4 ሌሊት ያለ መብራትና ያለ ቧንቧ፦ በደን የተሸፈነ ተራራ ላይ በካምፐር መኪና

ጀማሪ_ሾፌር

ሰላም ለሁላችሁ። ከልጆች ጋር አራት ሆነን በካምፐር መኪና (መኝታና ማብሰያ ባለው መኪና) 5 ሌሊት ደን ውስጥ ልናሳልፍ እያቀድን ነው። የመጀመሪያው ሌሊት መብራትና ውሃ ያለው ግቢ ውስጥ ነው፤ የቀሩት 4ቱ ምንም በሌለበት። መነሻችን 800 ሜትር ከፍታ ላይ ሲሆን የመጨረሻው ማደሪያ 2600 ሜትር ይደርሳል።

መኪናው ቱርቦ ናፍጣ ነው፣ የፊት ጎማው የሚጎትት፣ ርዝመቱ 7 ሜትር፣ የተፈቀደለት ጠቅላላ ክብደት 3500 ኪሎ። ንጹህ ውሃ 100 ሊትር፣ የእጣቢ ታንክ 80 ሊትር፣ ተነቃይ የሽንት ቤት ካሴት 18 ሊትር ይይዛል። የቤቱ (የመኖሪያው ክፍል) ባትሪ 100 አምፔር ሰዓት ሊድ አሲድ፣ ጣሪያው ላይ 150 ዋት ሶላር አለ። ማሞቂያው፣ ፍሪጁና ምድጃው በጋዝ ናቸው፤ ያለን አንድ ባለ 11 ኪሎ ሲሊንደር ነው።

ይሄ ለ4 ሌሊት ይበቃል? መጀመሪያ የሚያልቀውስ የቱ ነው? ስለ ቁልቁለቱና ስለ ማደሪያ ቦታ አመራረጥም የምታውቁትን ብትጽፉልኝ።

ሊትር_በሊትር

መጀመሪያ የሚያስቸግራችሁ ንጹህ ውሃው አይደለም፣ ካሴቱ ነው። አንድ ሰው ከማጠቢያው ውሃ ጋር በቀን 2.5 ሊትር ገደማ ያስገባበታል። ልጆቹን ቀነስ አድርጋችሁ ብትቆጥሩ እንኳ አራታችሁ በቀን 9 ሊትር ትሞሉታላችሁ፤ 18ቱ በ2 ቀን አለቀ። ስለዚህ ሌላውን ከማቀዳችሁ በፊት በመንገዳችሁ ላይ ካሴት የሚደፋበት ቦታ የት እንዳለ እወቁ፣ የጉዞውንም መሐል እዚያ ላይ አድርጉት። ከሌለ ሁለተኛ ካሴት መያዝ ነው። ኬሚካል የገባበትን ካሴት ጫካ ውስጥ ቆፍሮ መቅበር አይታሰብም፤ ኬሚካሉ ቆሻሻውን ማብላላት የሚገባቸውን ባክቴሪያዎች ይገድላል፣ የቀረው ከዝናብ ጋር ወደ ወንዙ ይወርዳል።

አሁን ወደ ውሃው። ለመጠጥና ለማብሰያ በሰው 4 ሊትር ያዙ፣ 16 ሆነ። ለዕቃ 8፣ ለእጅና ለፊት 8። በቀን 32 ሊትር መሆኑ ነው፤ 100 ሊትሩ ለ3 ቀን ብቻ ይበቃል። ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ጨምሩና 4ኛውን ቀን ትደርሳላችሁ። ይህ ሁሉ ግን ሻወሩ ካልተከፈተ ነው! በደቂቃ ከ6 እስከ 8 ሊትር ስለሚያወርድ አንድ ሰው 4 ደቂቃ ቢቆምበት የሁላችሁ የቀን ድርሻ ሊሄድ ምንም አይቀረው። በእርጥብ ፎጣ መታጠብ ልመዱ። ዕቃውንም ከመታጠቡ በፊት በወረቀት ጠርጉት፤ ውሃው ይቆጠባል፣ እጣቢ ታንኩም ቅባት ይዞ አይሸትም። በዚህ አያያዝ እጣቢው በቀን 18 ሊትር ገደማ ነው፣ 80ው ይበቃችኋል።

2600 ሜትር ላይ ውሃ የሚፈላው 91 ዲግሪ አካባቢ ነው። ጥራጥሬ ቶሎ አይበስልም፣ ጋዙም አብሮ ያልቃል። ወይ ቤት ቀቅላችሁ ሂዱ፣ ወይ እንፋሎት አፍኖ በግፊት የሚያበስል ድስት (ፕሬዠር ኩከር) ያዙ።

አስራ_ሁለት_ቮልት

ከካሴቱ ቀጥሎ የሚጥላችሁ ባትሪው ነው፣ ያውም በጋዝ ማሞቂያው ምክንያት። ሙቀቱን ጋዙ ይሥራው እንጂ አየሩን የሚገፋው ማራገቢያ የሚሽከረከረው በባትሪ ነው።

ሊድ አሲድ ባትሪን ከግማሽ በታች ማውረድ ዕድሜውን ይበላል። ስለዚህ ከ100ው የእናንተ 50 አምፔር ሰዓት ነው፤ ብርድ ሲመታው ከዚያም ይቀንሳል። የማሞቂያውን ሳህን አንብቡ። 1.5 አምፔር የሚስብ ማራገቢያ አለ፣ 7 አምፔር የሚስብም አለ። 10 ሰዓት ባለው ሌሊት ግማሹን ሰዓት ቢሠራ የመጀመሪያው 7.5፣ ሁለተኛው 35 አምፔር ሰዓት ይወስዳል። መብራት 5፣ አራት ስልክ 7፣ የውሃ ፓምፕ 1 ጨምሩበት። ትንሹ ማራገቢያ ካላችሁ 2 ሌሊት ትዘልቃላችሁ፤ ትልቁ ከሆነ ግን በመጀመሪያው ንጋት ባትሪው አልቋል። ማሞቂያውን ወደ 12 ዲግሪ ዝቅ አድርጎ ወፍራም ብርድ ልብስ መደረብ ከማንኛውም ዕቃ የረከሰ መፍትሔ ነው። ከፍታው በ1000 ሜትር 6.5 ዲግሪ ገደማ ስለሚቀንስ፣ ከመነሻችሁ ይልቅ ላይኛው ማደሪያ 12 ዲግሪ ያህል ይበርዳል።

ሶላሩን ደን ውስጥ እንደሌለ ቁጠሩት። ሜዳ ላይ በጥሩ ፀሐይ 150 ዋቱ በቀን 40 አምፔር ሰዓት ገደማ ይሰጣል። በፓነሉ ውስጥ ያሉት ሴሎች ግን ተከታትለው የተያያዙ ስለሆኑ የአንዲት ቅርንጫፍ ጥላ ጉልበቱን በብዙ ትቆርጠዋለች፤ ቅጠል ሙሉ በሙሉ ከሸፈነውማ አንድ አሥረኛውን ካገኛችሁ ደግ ነው። የሚሻለው ተጣጣፊ ባለ 100 ዋት ፓነል ይዞ በ10 ሜትር ሽቦ ፀሐይ ያለበት ገላጣ ላይ መዘርጋት ነው። ሽቦው ባለ 6 ስኩዌር ሚሊሜትር ይሁን፤ በ1.5 ከሠራችሁት ከ1 ቮልት በላይ መንገድ ላይ ይቀራል። የቻርጅ መቆጣጠሪያውንም ከፓነሉ ጀርባ ሳይሆን ባትሪው አጠገብ አድርጉት፣ አለዚያ የባትሪውን ቮልቴጅ አሳስቶ ያነባል።

ፍሪጁን በ12 ቮልት ላይ ረስታችሁ እንዳትቆሙ። ሲነዳ ምንም አይደለም፤ ቆማችሁ ግን ከ10 አምፔር በላይ ስለሚስብ በጥቂት ሰዓት ባትሪውን ያደርቀዋል። ሞተር ሲጠፋ ራሱ የሚያቋርጥ ሪሌ እንዳለውም አረጋግጡ።

ጋዝ፦ ማሞቂያው በሌሊት 1.1 ኪሎ፣ ፍሪጁ በቀን 0.4፣ ምድጃው 0.3 ቢወስዱ በቀን 1.8 ኪሎ ነው። 11 ኪሎው 6 ቀን ይሄዳል፣ ሙሉ ከሆነ። የሲሊንደሩ ባዶ ክብደት አንገቱ ላይ ተመትቷል፤ በሚዛን ላይ አውጡትና ቀንሱ። ውስጡ ያለው ደግሞ ፕሮፔን ይሁን። ቡቴን ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ መትነን ያቆማል፤ ሲሊንደሩ ከባድ ሆኖ ሳለ እሳቱ ይጠፋል፣ ሰው ተበላሸ ብሎ ማሞቂያውን ይፈታል።

ጫጫታ_ወዳጅ

ይሄ ሁሉ ስሌት ምን ያደርጋል? 1000 ዋት የቤንዚን ጀነሬተር ይዞ መሄድ ነው እንጂ።

አስራ_ሁለት_ቮልት

@ጫጫታ_ወዳጅ ካርቡራቶር ያለው ጀነሬተር 2600 ሜትር ላይ ሩቡን ያህል ጉልበቱን ያጣል። አየሩ ስስ፣ ቤንዚኑ ያው ስለሆነ ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ካንዴላው ይጠቁራል። ለከፍታ የተሠራውን ጅግለር (የካርቡራቶሩን ቤንዚን የሚመጥን ቀዳዳ) ካልቀየርክለት ጠዋት ላይነሳ ይችላል። ሲነሳም የቤቱ ቻርጀር 20 አምፔር ከሆነ ከ1000 ዋቱ የምትጠቀመው 300 አይሞላም፤ ሊድ አሲድ የመጨረሻውን 20 በመቶ የሚጠጣው ደግሞ በሰዓታት ነው። ብዙ ቦታ ማታ ማስነሳትም ክልክል ነው። የምር ካስፈለገ ቀን ላይ፣ ጭሱ ወደ መኪናው በማይነፍስበት በኩል፣ ከመስኮት ርቆ። የካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚ የሌለው መኪና ውስጥ ግን ጀነሬተርም ጋዝ ማሞቂያም ይዞ መተኛት አይገባም። በምድጃው ቤት ማሞቅም እንደዚያው።

ሁለተኛ_ማርሽ

ውሃና ባትሪ ቢያልቅ ትመለሳላችሁ። እኔ የምፈራው መመለሻውን ነው፦ ቁልቁለቱን።

መጀመሪያ ሚዛን። ውሃው ተሞልቶ፣ ሰው ተሳፍሮ፣ ዕቃ ተጭኖ፣ የፊቱና የኋላው አክስል ለየብቻ ይመዘን። 3500 አልፈናል አላለፍንም የሚለው ብቻ አይበቃም። በሁለቱ አክስሎች መካከል 4 ሜትር ቢኖርና ከኋላው አክስል 2 ሜትር ወደ ኋላ 60 ኪሎ ብስክሌት ብትሰቅሉ፣ የኋላው አክስል የሚሸከመው 60 ሳይሆን 90 ኪሎ ነው፤ ከፊቱ ደግሞ 30 ይነሳል። የእናንተ መኪና የሚጎትተው በፊት ጎማ ስለሆነ እርጥብ ዳገት ላይ የሚያንሸራትተው ይኸው ነው። ከባድ ዕቃ ወደ ታች፣ ወደ መሐል።

3500 ኪሎ መኪና 1000 ሜትር ሲወርድ ፍሬኑ ሙቀት አድርጎ ማስወጣት ያለበት ጉልበት 9.5 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው፤ ባለ 2000 ዋት የኤሌክትሪክ ምድጃ ወደ 5 ሰዓት ቢነድ ማለት። ያንን ሁሉ የፍሬን ሸራና ዲስክ ላይ ከማድረግ ሞተሩ ይያዘው። ማርሹ የሚቀነሰው ቁልቁለቱ ሳይጀምር ነው፣ መሐል ላይ ሳይሆን፤ ዳገቱን በወጣችሁበት ማርሽ ውረዱ። ፍጥነቱ ሲጨምር ፍሬኑን ጠበቅ አድርጎ ረግጦ 10 ኪሎ ሜትር በሰዓት ያህል መቀነስ፣ ከዚያ ሙሉ በሙሉ መልቀቅ። እግርን ለስለስ አድርጎ ፔዳሉ ላይ አስቀምጦ መውረድ ጥንቃቄ ይመስላል፤ ዲስኩ እንዳይቀዘቅዝ የሚያደርገው ግን እሱ ነው።

ፔዳሉ ለስልሶ ወደ ታች ከገባ የፍሬን ዘይቱ ፈልቷል። ፔዳሉ ጠንክሮ መኪናው አልቆም ካለ ሸራው ግሏል። በሁለቱም ማርሽ ቀንሳችሁ ጥግ ያዙ፣ በማርሽና በታኮ አቁሙት፣ ግማሽ ሰዓት ይቀዝቅዝ። ውሃ አታፍስሱበት፣ ዲስኩ ይጣመማል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፦ ዶት 4 አዲስ ሲሆን እስከ 230 ዲግሪ ይችላል፣ እርጥበት ሲጠጣ ግን 155 ላይ ሊፈላ ይችላል። 2 ዓመት ካለፈው ከመነሳታችሁ በፊት ይቀየር።

ላይኛው ማደሪያ ስትደርሱ የጎማውን ንፋስ አትቀንሱ። ከፍታው 2.5 ፒኤስአይ ያህል ቢጨምር ብርዱ ከዚያ በላይ ይቀንሰዋል።

ቁመቱን ከመሬት እስከ ጣሪያው መተንፈሻ ጫፍ ለክታችሁ መሪው ፊት ለፊት ለጥፉት። የስልክ ካርታ የሚመራችሁ እንደ ታክሲ ነው፤ ድልድዩ ስንት ቶን እንደሚችል፣ ቅርንጫፉ ስንት ሜትር ላይ እንዳጎነበሰ አያውቅም። ካርታውንም ኔትወርክ ሳይጠፋ አውርዱት።

ጀማሪ_ሾፌር

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ማራገቢያው 1.8 አምፔር ነው የሚለው፣ ተንፍሻለሁ። ካሴት መድፊያ በ3ኛው ቀን መንገዳችን ላይ አለ፣ ውሃም ይቀዳበታል። የቀረኝ ማደሪያው ነው፦ ተዳፋት ላይ ማደር ምን ያህል ይጎዳል? ፍሪጁስ እዚያ ከፍታ ላይ ይሠራል?

ውሃ_ልክ

የጋዝ ፍሪጅ ፓምፕ የለውም፤ አሞኒያው የሚዞረው በራሱ ክብደት ወርዶ ነው። መኪናው ከ2 ወይም ከ3 ዲግሪ በላይ ካዘነበለ ፈሳሹ አንድ ቦታ ይተኛል፣ ማፍያው ያለ ፈሳሽ ይግላል፣ ከተደጋገመ ቱቦው ይደፈንና ፍሪጁ ይሞታል። በ4 ሜትር ላይ 2 ዲግሪ ማለት 14 ሴንቲ ሜትር ነው። የማስተካከያ ታኮዎች ብዙ ጊዜ የሚያነሱት ከ10 እስከ 12 ስለሆነ ከዚያ በላይ ያዘነበለ ቦታን እለፉት። ውሃ ልኩን ፍሪጁ ወለል ላይ አስቀምጡና ለኩ፤ የመኪናው ወለል ሊያታልል ይችላል። 2600 ላይ አየሩ ስስ ሆኖበት እሳቱ ሊጠፋ ስለሚችል ማታና ጠዋት እዩት፤ ሁለት ሦስት የቀዘቀዙ የውሃ ጠርሙሶች ውስጡ ካሉ አንድ ሌሊት ያሻግራሉ።

ቦታ ስትመርጡ መሬቱን ከማየታችሁ በፊት ቀና በሉ። ቅርፊቱ የተላጠ፣ አናቱ የደረቀ፣ የተሰበረ ቅርንጫፍ ያንጠለጠለ ዛፍ ካለ ከቁመቱ በላይ ራቁ። ቀጥሎ በተረከዝ መሬቱን ርገጡት፤ ተረከዙ ከሰመጠ 3500 ኪሎውም ይሰምጣል። የእናንተ መኪና የፊት ጎማ ስለሆነ መውጫው ወደ ቁልቁል እንዲሆን አድርጋችሁ የኋሊት ግቡ፤ ሌሊት ቢዘንብ ጠዋት ወደ ታች ትንሸራተቱና ትወጣላችሁ፣ ዳገት ከሆነ ግን ጎማው እዚያው ይቆፍራል። ደረቅ ሣር ላይ ሞተሩ እንደጋለ አታቁሙ፣ ከሥሩ ያለው የጭስ ማጣሪያ እሳት ያስነሳል። ወንዝ ዳር ያለው ለጥ ያለ ሜዳ ለጥ ያለው ጎርፍ ስላስተካከለው ነው።

ሌሊት የጣሪያውን መስኮት 2 ሴንቲ ሜትር ክፍት ተዉት። አራት ሰው ሲተነፍስ የሚወጣው እርጥበት ጠዋት ላይ ግድግዳውን ያርሰዋል፣ ፍራሹ ከሥሩ ይሻግታል። ወለሉ ላይ ያለውን የጋዝ መውጫ ቀዳዳ ደግሞ ብርድ ገባ ብላችሁ በጨርቅ እንዳትደፍኑት፤ ፕሮፔን ከአየር ይከብዳል፣ ካፈሰሰ የሚወጣው በዚያ ነው።

አንድ ነገር፦ አንዳንድ የውሃ ማሞቂያ ብርዱ ወደ ዜሮ ሲጠጋ ቧንቧው እንዳይፈነዳ ራሱን ከፍቶ ውሃውን መሬት ላይ ይለቀዋል። ፓምፑ ክፍት ከሆነ ታንኩንም ይዞት ይሄዳል። ስትተኙ የፓምፑን ማብሪያ ማጥፊያ አጥፉ።