የቤንዚን ሞተር አውጥቶ ናፍጣ ማስገባት ያዋጣል?

ባለ ዲኤክስ፦
ሰላም ወገኖች። ያረጀ ዲኤክስ ኮሮላ አለኝ፣ ቤንዚን ይጠጣል። አንዱ ጋራዥ ከውሃ ሃይድሮጅን የሚያወጣ ዕቃ ልግጠምልህ፣ ነዳጅህ በግማሽ ይቀንሳል አለኝ። ሌላው ደግሞ ቱ ሲ (2C) የሚባለውን የቶዮታ ናፍጣ ሞተር እናስገባ ይላል። የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ።

ካምቢዮ፦
የውሃውን ነገር ተወው ወንድሜ። ውሃውን ወደ ጋዝ የሚቀይረው ኤሌክትሪክ የሚመጣው ከዲናሞ ነው፣ ዲናሞውን የሚያዞረው ደግሞ ያው ሞተርህ ስለሆነ ጋዙ ከሚመልስልህ በላይ ቤንዚን አቃጥለህ ነው የምታመርተው። ሰው በዚህ ገንዘቡን ሲበላ ማየት ያናድደኛል።

የመንገድ ሰው፦
ናፍጣ በሊትር የበለጠ ያስኬዳል፣ እሱ እውነት ነው። ግን ወጪው ሞተሩ ብቻ እንዳይመስልህ። የሞተር መቀመጫ፣ ፍሪሲዮን፣ ራዲያተር፣ የነዳጅ መስመር፣ አንዳንዴም ካምቢዮ ይቀየራል፤ ሞተሩ ስለሚከብድ የፊት ሞላውም ይጎዳል። ደግሞ ሊብሬው ላይ የሞተር ቁጥርና የነዳጅ ዓይነት አለ። ሞተሩ ከየት እንደተገዛ ሕጋዊ ሰነድ ሳታይ ቀብድ አትክፈል፣ በኋላ ለመሸጥም ለቦሎም ትቸገራለህ።

እመቤት፦
ብዙ የማትነዳ ከሆነ ወጪውን ለመመለስ ዓመታት ይፈጅብሃል። መጀመሪያ ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ ውስጥ ያለውን የእመቃ ግፊት) አስለካ። ካርቡራተሩን አሳጥብ፣ ካንዴላና የአየር ፊልትሮ ቀይር፣ የጎማ ንፋስ ሙላ፣ ፍሬኑ እየያዘ እንዳይሆንም አሳይ።

ባለ ዲኤክስ፦
የምነዳው ከቤት እስከ ሥራ ቦታ ነው። ቅዳሜ ኮምፕሬሽኑን አስለካለሁ፣ አመሰግናለሁ።