በተራ ፌሮ የሚሠራ የኮንክሪት ስሊፐር ለምን ውድቅ ይደረጋል?

ፕሪካስት_አዳማ፦

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦች። የምሠራው ቱቦ፣ የመንገድ ጠርዝ ድንጋይና አነስተኛ የድልድይ ምሰሶዎችን በሚያመርት ፋብሪካ የዲዛይን ክፍል ውስጥ ነው። አንድ ደንበኛ ከዋናው ሐዲድ ተገንጥሎ ወደ ጭነት መጋዘኑ ለሚገባ 1.8 ኪሎ ሜትር መስመር የኮንክሪት ስሊፐር (ጠጠር ላይ ተጋድሞ ሐዲዱን የሚሸከም አግዳሚ) እንድናመርትለት ጠየቀን። በየ60 ሳንቲ ሜትሩ አንድ ስሊፐር ሲቀመጥ ወደ 3,000 ስሊፐር ማለት ነው። ፋብሪካችን ኮንክሪቱ ከመሞላቱ በፊት ሽቦ የሚወጠርበት አልጋ ስለሌለው፣ ስሊፐሩን በተራ ፌሮ ዲዛይን አድርጌ አቀረብሁ።

የሐዲዱ ስፋት (በሁለቱ የሐዲድ ብረቶች መካከል ያለው ርቀት) 1,435 ሚሊ ሜትር፣ የሐዲዱ ብረት በሜትር 60 ኪሎ የሚመዝነው ዓይነት፣ የአክስል (ሁለት መንኮራኩር የሚይዘው ዘንግ) ጭነቱ 25 ቶን፣ ፍጥነቱም ከ30 ኪሎ ሜትር በሰዓት የማይበልጥ ነው። ስሊፐሩ 2.5 ሜትር ርዝመት፣ 25 ሳንቲ ሜትር ወርድና 20 ሳንቲ ሜትር ቁመት አለው። ከላይም ከታችም አራት አራት ባለ 16 ፌሮ አስገብቼ፣ በየ15 ሳንቲ ሜትሩ ባለ 8 ስታፋ (ፌሮዎቹን ዙሪያቸውን የሚያስር ቀለበት) አስሬለታለሁ፤ የኮንክሪቱ የጥንካሬ ደረጃ ሲ-30 ነው። ስሊፐሩ እስኪሰበር የሚሸከመው ሞመንት (የሚያጎብጠው ጫና) 35 ኪሎ ኒውተን ሜትር ያህል ሲሆን፣ ጭነቱ በደኅንነት ማባዣ ተባዝቶ እንኳ ከ25 አይበልጥም። የደንበኛው አማካሪ ግን «ስሊፐር በተራ ፌሮ አይሠራም» የሚል አንድ መስመር ጽፎ መለሰልኝ።

ውድቅ መደረጉ ቅር አላሰኘኝም፤ ምክንያቱን አለማወቄ ግን እንቅልፍ ነሥቶኛል። ሒሳቡ የሚበቃ ከሆነ ስሊፐሩ የሚወድቀው የት ላይ ነው? ቀን ቀን የምናልፍባቸውን ድልድዮችና ፎቆች በተራ ፌሮ እየሠራን፣ ስሊፐር ብቻ የሚለይበት ምክንያት ምንድን ነው?

የመዋቅር_ሰው፦

ጥያቄዎ ተገቢ ነው፤ አማካሪውም ምክንያቱን ሊያስረዳዎት ይገባ ነበር። ስሕተቱ ያለው በሒሳብዎ ውስጥ ሳይሆን በመረጡት ጥያቄ ላይ ነው። እርስዎ የጠየቁት «ስሊፐሩ መቼ ይሰበራል?» የሚለውን ነው። ለስሊፐር የሚጠየቀው ግን «መቼ ይሰነጠቃል? ከተሰነጠቀ በኋላስ ስንት ሚሊዮን ጊዜ ይተጣጠፋል?» የሚለው ነው።

በራስዎ ቁጥሮች እንሂድ። የአንድ መንኮራኩር ጭነት 125 ኪሎ ኒውተን ነው። በአውሮፓ አሠራር ለእንቅስቃሴው 1.5፣ ለጠጠሩ አለመመጣጠን 1.35 እናባዛበታለን፤ ስሊፐሮቹ በ60 ሳንቲ ሜትር ሲራራቁ አንዱ ስሊፐር ግማሹን ያህል ስለሚወስድ በ0.5 ስናባዛው 126.6 ኪሎ ኒውተን በሐዲዱ መቀመጫ ላይ ያርፋል። ፍጥነቱ ዝቅተኛ ነው ብለው 1.5ቱን ለመቀነስ አይቸኩሉ፤ በመጋዘን መስመር ላይ የሐዲድ መጋጠሚያውና ማቀያየሪያው ይበዛል፣ የተጎዳ መንኮራኩር ያለው ፉርጎም ይገባል። ጠጠሩ ከሐዲዱ ሥር ግራና ቀኝ 50 ሳንቲ ሜትር ያህል ይደግፋል ብንል፣ የመቀመጫው ሞመንት 10.3 ይሆናል፤ ድጋፉ በስሊፐሩ ርዝመት እኩል ስለማይሆን በ1.6 ሲባዛ 16.5 ኪሎ ኒውተን ሜትር እናገኛለን።

አሁን የእርስዎ ስሊፐር የሚሰነጠቅበትን ሞመንት ያስሉ። ሲ-30 ኮንክሪት ለመሳሳብ (ወደ ሁለት ወገን ሲጎተት) ያለው አቅም አነስተኛ በመሆኑ ውጤቱ ከ5 እስከ 7 ኪሎ ኒውተን ሜትር ባለው ውስጥ ይወድቃል። ይህም ማለት ስሊፐሩ ገና በመጀመሪያው የጭነት ባቡር ይሰነጠቃል ማለት ነው። በፎቅ ቢም ላይ እንዲህ ያለ ስንጥቅ የተለመደ ነው፤ ጭነቱ ስለማይንቀሳቀስ ስንጥቁ ተከፍቶ በዚያው ይቆያል። በስሊፐር ላይ ግን እያንዳንዱ አክስል ስንጥቁን ይከፍተዋል፣ ሲያልፍ ይዘጋዋል። በቀን 20 ፉርጎ የያዙ ሁለት ባቡሮች ቢገቡ 160 አክስል፣ በዓመት ወደ 58,000፣ በ40 ዓመት ደግሞ 2.3 ሚሊዮን ጊዜ መሆኑ ነው። ከተሰነጠቀ በኋላ በፌሮው ላይ የሚመላለሰው ጫና በእርስዎ ስሊፐር ወደ 170 ሜጋ ፓስካል ይደርሳል። ዩሮኮድ 2 (የአውሮፓ የኮንክሪት ዲዛይን ደንብ) ለቀጥተኛ ፌሮ በአንድ ሚሊዮን ድግግሞሽ የሚፈቅደው 162.5 ሲሆን፣ በ1.15 ሲካፈል 141 ይቀራል። እርግጥ ሁሉም አክስል ከፍተኛውን ጭነት አያመጣም፤ ቢሆንም ልዩነቱ የሚናቅ አይደለም። በስንጥቁ ውስጥ የሚገባው ውሃና ደቃቅ አፈር ሲጨመርበት ፌሮው እየዛገ እየደከመ ይሄዳል።

ሌላም ያላዩት ነገር አለ። ባለ 16 ፌሮ ሙሉ አቅሙን እንዲሰጥ ከኮንክሪቱ ጋር 40 እጥፍ ዲያሜትሩን ያህል፣ ማለትም 64 ሳንቲ ሜትር መያያዝ አለበት። ከስሊፐሩ ጫፍ እስከ ሐዲዱ መሐል ያለው ርቀት ግን 50 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ ያ 35 ያሉት አቅም በትክክለኛው ቦታ ላይ ሙሉ በሙሉ የለም።

ሽቦ የሚወጠረው ለዚህ ነው። ኮንክሪቱን አስቀድሞ ጨምቆ ስለሚይዘው፣ ባቡሩ ሲመጣ ሊከፈት የነበረው ቦታ ጭመቃው ይቀንስለታል እንጂ አይሰነጠቅም። 2.6 ሜትር ርዝመትና ከመቀመጫው ሥር 21 ሳንቲ ሜትር ቁመት ላለው ስሊፐር፣ ሞመንቱ ወደ 18.7 ከፍ ይልና በታችኛው ፊት ላይ 10.6 ሜጋ ፓስካል የመሳሳብ ጫና ይፈጥራል። ጠንካራ ኮንክሪት አራቱን ያህል ቢችል፣ ቀሪውን 6.5 ያህሉን በውጥረት ማምጣት አለብን፤ ይህም ወደ 330 ኪሎ ኒውተን ኃይል ሲሆን በዘጠኝ ወይም በአሥር ባለ 7 ሚሊ ሜትር ሽቦ ይገኛል። በተራ ፌሮ ግን ምንም ያህል ብረት ቢጨምሩ ስንጥቁን ያጠብቡታል እንጂ አያስቀሩትም።

ድሬ_ሐዲድ፦

ልጄ፣ ስሌቱን ከእኔ የተሻለ የሚያውቁት መልሰውልሻል። እኔ የምጨምረው በሐዲድ ጥገና ካሳለፍሁት ዘመን ያየሁትን ነው። ከጅቡቲ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የቀድሞው መስመር ስፋቱ አንድ ሜትር ነበር፤ ስሊፐሩም የብረት ነበር። ብረት ምስጥ አይበላውም፣ ለሁለት ሰው ሸክምም አያስቸግርም። ቀላልነቱ ግን በበጋ ያስከፍለን ነበር፤ ሐዲዱ በሙቀት ሲለጠጥ ወደ ጎን እንዳይወጣ አጥብቆ የሚይዘው ክብደት ያንሰዋል። የኮንክሪት ስሊፐር ከ300 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን በጠጠሩ ውስጥ ተቀብሮ ይይዛል። በመስመርሽ ላይ ሐዲዱን በብየዳ የምታያይዙት ከሆነ ይህ ክብደት ራሱን የቻለ ጥቅም ነው።

አንድ ነገር ግን በደንብ አስቢበት። የስሊፐር ጠላት መሐሉ ነው። አዲስ ሐዲድ ሲዘረጋ ጠጠሩ የሚጠቀጠቀው ከሐዲዱ ግራና ቀኝ ነው፤ ከመሐል ሥር ያለው ላላ ብሎ ይተዋል። ባቡር በተመላለሰ ቁጥር ከሐዲዱ ሥር ያለው ጠጠር እየደቀቀ ይሰምጣል፣ መሐሉ ግን እንደነበረ ይቀራል። ያን ጊዜ ስሊፐሩ ወገቡ ላይ ተቀምጦ ሁለቱ ጫፎቹ ወደ ታች ይጎነበሳሉ፣ ስንጥቁም ከላይ በኩል ይመጣል። እኔ ባየሁት አንድ የጭነት ማራገፊያ መስመር ላይ ጠጠሩን አስተካክሎ የሚጠቀጥቅ ሰው ባለመመደቡ፣ በተከታታይ የተኙ ስሊፐሮች ሁሉ ልክ በወገባቸው ላይ ፀጉር የመሰለ መስመር አውጥተው ነበር። ዝናብ ሲያባራ ስሊፐሩ ቶሎ ይደርቃል፣ ስንጥቁ ግን ውሃ ስለያዘ ጥቁር ሆኖ ይታያል። ጠዋት ሐዲድ ላይ ስትሄጂ ያንን ጥቁር መስመር ነው የምትፈልጊው።

የመዋቅር_ሰው፦

ጋሼ ያነሡት ትልቅ ነገር ነው፤ በቁጥርም ላሳየው። ስሊፐሩ በሙሉ ርዝመቱ እኩል ተደግፏል ብንል፣ በ2.5 ሜትሩ ስሊፐር መሐል ላይ ከላይ በኩል የሚከፍት 15.8 ኪሎ ኒውተን ሜትር ሞመንት ይመጣል። ርዝመቱን ወደ 2.6 ብናሳድገው 12.7 ይሆናል። አሥር ሳንቲ ሜትር አንድ አምስተኛውን ቀነሰልን ማለት ነው። በአንጻሩ ጫፉ ስለሚረዝም የመቀመጫው ሞመንት፣ በ1.6 ሳይባዛ፣ ከ10.3 ወደ 11.7 ገደማ ይጨምራል። ርዝመት ሲመረጥ የሚመዘነው ይህ ነው፤ የተወጠሩ ስሊፐሮች ወገባቸው ቀጠን ብሎ፣ ሽቦው ከመሐል ላይ ወደ ላይኛው ፊት፣ ከመቀመጫው ሥር ደግሞ ወደ ታችኛው ፊት የሚጠጋው በዚሁ ምክንያት ነው። ሽቦው ቀጥ ያለ ነው፤ ከፍ ዝቅ የሚለው የኮንክሪቱ ቅርጽ ነው።

ሽቦ_ወጣሪ፦

ሰላም ለሁላችሁ። አሜሪካ ውስጥ ስሊፐር በሚያመርት ፋብሪካ በጥራት ቁጥጥር ለዓመታት ሠርቻለሁ። እዚህ አገር አብዛኛው ሐዲድ ዛሬም በእንጨት ላይ ነው፤ ኮንክሪት የሚገባው ከባድ ጭነትና ሹል ኩርባ ባለበት ነው። የአሜሪካው አሠራር ለምት በጣም ይጠነቀቃል፤ የቆመውን ጭነት በሦስት እጥፍ ያሳድገዋል።

ፋብሪካችሁ ወደፊት ሽቦ መወጠር ቢጀምር እንኳ ችግሩ ከስሌቱ ይልቅ በአመራረቱ ላይ እንደሚመጣ ላስጠንቅቃችሁ። ሽቦው ሲለቀቅ ኃይሉን ለኮንክሪቱ የሚያስተላልፈው በጫፉ አካባቢ ባለው ርቀት ነው። ለድልድይ የምንጠቀምበት ባለ 12.7 ሚሊ ሜትር ስትራንድ (ከሽቦዎች የተገመደ ገመድ) 60 እጥፍ ዲያሜትሩን፣ ማለትም 76 ሳንቲ ሜትር ያህል ይፈልጋል፤ ሐዲዱ ግን ከጫፉ 55 ሳንቲ ሜትር ላይ ነው የሚቀመጠው። ስለዚህ ከ5 እስከ 7 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ፊቱ የተነቀሰ ቀጭን ሽቦ ይመረጣል። እኔ በሠራሁበት ቦታ አንድ ጊዜ የኮንክሪቱ የሙከራ ናሙና በሞቃት ክፍል ውስጥ ይቀመጥ ስለነበር ጥንካሬው ከአልጋው ላይ ካለው ኮንክሪት በልጦ ይታይ ነበር። በዚያ ተማምነን ሽቦውን ለቀቅን። ስሊፐሩን ከሻጋታው ስናወጣው በጫፉ ላይ የተቆረጡት ሽቦዎች ወደ ውስጥ ገብተው ትንንሽ ጉድጓድ ሠርተዋል፤ በጥልቀት መለኪያ ስንለካው ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ ነበር። ሽቦው ተንሸራትቷል፣ ከመቀመጫው ሥር ያለው ጭመቃም ጎድሏል። የዚያን ቀን ምርት በሙሉ ጣልነው፤ ከዚያ ወዲህ ናሙናው ከአልጋው አጠገብ በዚያው ሙቀት እንዲውል አደረግን።

ሁለተኛው እንፋሎት ነው። ሻጋታውን ቶሎ ባዶ ለማድረግ ሲባል ኮንክሪቱን ከ70 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ማሞቅ፣ ዛሬ ጠንካራ የሚመስለው ስሊፐር ከዓመታት በኋላ እርጥበት ሲያገኘው ከውስጡ አብጦ እንዲሰነጣጠቅ ያደርጋል። የአውሮፓው ደንብ ገደቡን ከዚያም ዝቅ ያደርገዋል። በስምጥ ሸለቆ ጠጠርና አሸዋ የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ ኦብሲዲያን፣ ፑሚስና ራዮላይት የተቀላቀለበት እንዳይሆን አስመርምሩ፤ የእሳተ ገሞራ መስታወት ከሲሚንቶው አልካሊ ጋር ተጣልቶ ተመሳሳይ ጉዳት ያመጣል።

በሐዲዱና በስሊፐሩ መካከል ከሚገባው ላስቲክ ሥርም እዩ። በአንድ ኩርባ ላይ ሐዲዱን አንሥተን ላስቲኩን ስንገልጠው፣ የኮንክሪቱ ፊት ተፍቆ ጠጠሩ እንደ ጥርስ ፈጥጦ አገኘነው። ውሃና ደቃቅ አሸዋ ገብተው፣ ባቡሩ በረገጠ ቁጥር እንደ ወፍጮ ፈጭተውታል። ሐዲዱ በአንድ በኩል ስለዘመመ ስፋቱም ጨምሯል። ይህን ምንም ዓይነት ፌሮ አያድነውም፤ የሚያድነው ጥብቅ ላስቲክ፣ ጥሩ ማሰሪያና ጠንካራ የኮንክሪት ፊት ነው።

ፕሪካስት_አዳማ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ፤ ጋሼንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። አሁን ገባኝ። የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው፤ መወጠሪያ አልጋ እስክናገኝ ድረስ ደንበኛውን «አይቻልም» ብዬ ልመልሰው ወይስ በተራ ፌሮ በሐቅ የሚሠራ መንገድ አለ?

የመዋቅር_ሰው፦

አለ። ባለ ሁለት ብሎክ ስሊፐር ይመልከቱ። በየሐዲዱ ሥር አንድ አንድ የኮንክሪት ብሎክ ተደርጎ ሁለቱ በብረት አሞሌ ይያያዛሉ። ፈረንሳዮች ለብዙ ዓመታት ተጠቅመውበታል፤ እ.ኤ.አ. በ1981 የተከፈተው የፓሪስ–ሊዮን ፈጣን መስመርም የተሠራው በዚህ ዓይነት ስሊፐር ነው። መሐሉ ኮንክሪት ስለሌለው የወገብ ስንጥቅ የሚባል ነገር የለም። ብሎኩን 80 ሳንቲ ሜትር ቢያደርጉት የመቀመጫው ሞመንት ከ16.5 ወደ 11.4 ይወርዳል፣ በእርስዎ ፌሮ ላይ የሚመላለሰው ጫናም ወደ 120 ሜጋ ፓስካል ይሆናል፤ ከ141 በታች ነው። ስንጥቅ ይኖራል፣ ግን በጠባቡ ይያዛል። ኮንክሪቱን ወደ ሲ-50 ከፍ ያድርጉት፣ ፌሮውን ቀጥ አድርገው ከመተው ጫፉን ይጠፉት፣ ጠጠሩ እንዳይጨነቅም ወርዱን ወደ 29 ሳንቲ ሜትር ያስፉት።

ድካሙ አሞሌው ላይ ነው። ከኮንክሪቱ የሚወጣበት ቦታ ቀድሞ ይዝጋል፣ ፉርጎ ከሐዲድ ወጥቶ ከረገጠውም ይጎብጥና የሐዲዱን ስፋት ያጠበዋል። ስለዚህ በማራገፊያው ሜዳ ተሽከርካሪ በሚያቋርጥበት ክፍል አይጠቀሙበት፤ ለዚያ ክፍል የተወጠረ ስሊፐር ይግዙ። ከ3,000ው በፊት ሃያ ያህል አምርተው መቀመጫው ላይ በመጫኛ ማሽን ይጫኗቸው፤ ስንጥቁ በአጉሊ መነጽር መጀመሪያ የታየበትን ጭነትና ጭነቱ ሲነሣ ስንጥቁ የሚቀርበትን ስፋት ይመዝግቡ። ያንን ሰንጠረዥ ይዘው ለአማካሪው ቢመልሱለት፣ በአንድ መስመር ሊመልስዎት አይችልም።