ማቀዝቀዣው ቆመ፣ እንጆሪው ውሃ እያወጣ ነው፤ ምን ይሻለኛል?

ባለ እርሻዋ፦ ኧረ ድረሱልኝ! ማቀዝቀዣ ክፍሉ ሌሊት ቆሟል። ጠዋት በሩን ስከፍት ሙቀት ነው የተቀበለኝ። ሳጥኖቹ ሙሉ ናቸው። ጠጋኙ እስከ ነገ አልደርስም አለ። ሰው ራሱ እየለቀመ የሚገዛባት ትንሽ እርሻ ናት፤ ዝናቡ ደግሞ ሰው አስቀርቶብኛል። መጣል አልፈልግም። ቶሎ በሉ!

ቅጠልያ፦ ምን ፍሬ ነው? ሳጥኑን ነው የምናድነው?

የሞተር ሐኪም፦ እህቴ፣ ውጭ ያለው ማራገቢያ ይዞራል? ፍርግርጉን አቧራና ቅጠል ከደፈነው ሙቀቱን ማውጣት ያቅተዋል። መብራቱን አጥፊና በብሩሽ ጥረጊው። ውስጥ በረዶ ጋግሮ ከሆነም ሳትፈቀፍቂ ይቅለጥ።

ባለ እርሻዋ፦ ይቅርታ፣ እንጆሪ ነው። ትንሽ ኮክም አለ።

ሆዴ ባዶ፦ ማንኪያ ይዤ ልምጣ? የምሬን ግን፣ ደንበኞችሽን ጥሪ። «ዛሬ ለማርማላታ የሚሆን እንጆሪ በቅናሽ» ብለሽ መልእክት ላኪ። ሆዳም አይጠፋም።

ጋሼ ተክሉ፦ ልጄ፣ መጀመሪያ ፍሬሽን እወቂ። እንጆሪ ከተለቀመ በኋላ አይበስልም፤ ያረጃል እንጂ። 0 ዲግሪ አካባቢ ቢቀመጥ እንኳ ከሳምንት ብዙም አያልፍ። ኮክ ግን ተለቅሞም ይለሰልሳል። ጠንከር ያለውን ኮክ ጥላ ውስጥ በአንድ ረድፍ ደርድሪና እርሺው። የዛሬ ሩጫሽ ለእንጆሪው ነው። ደግሞ በጠዋት ልቀሙ! የዛሬ ልጆች ፀሐይ አናት ላይ ሲወጣ ለቅመው ማቀዝቀዣውን ይወቅሳሉ።

ድስት ጣጂ፦ ጋሼ እውነታቸውን ነው፣ ግን ጊዜ የለም። አሁኑኑ ሳጥኖቹን ገልብጪና ለዪ። ሻጋታ የያዘው ይውጣ፤ ለስላሳ ፍሬ ስለሆነ ቆርጠሽ አታተርፊውም። ያልሻገተ ግን የላላውና ጭማቂ ያወጣው ዛሬውኑ ድስት ይግባ። በትንሽ በትንሹ ሥሪው፤ አንድ ትልቅ ድስት ከሞላሽ እስኪረጋ ቀለሙም ጣዕሙም ይሞታል። ጠንካራውን እጠቢ፣ አረንጓዴ ቆቡን ንቀዪ፣ በደንብ አድርቂና ትሪ ላይ ሳይነካካ ፍሪዘር ክተቺ። ሲጠጥር በላስቲክ ሰብስቢው። በጥሬው የሚሸጠውን ግን ውሃ አታስነኪ፣ እርጥበት ሻጋታ ይጠራል።

ማር እሸት፦ ማርማላታ ሥሪበት።

ድስት ጣጂ፦ አመሰግናለሁ፣ አላሰብኩትም ነበር 😄

ተቃዋሚ፦ ቆይ፣ ሰው ራሱ የሚለቅም ከሆነ ይሄ ሁሉ ሳጥን ከየት መጣ?

ባለ እርሻዋ፦ ሰው ከመግቢያው አጠገብ ያለውን መደብ ብቻ ለቅሞ ይሄዳል። የኋለኛው በስሎ ከሚወድቅ እኛው ለቅመን እናስገባዋለን።

ተቃዋሚ፦ በቃ፣ ችግርሽ ማቀዝቀዣው አይደለም። የፊቱን መደብ በገመድ ዝጊና ሰውን ከኋላ አስጀምሪ። አንዱ ሳያልቅ ሌላው አይከፈት። ባልዲም አትስጪ፤ የላይኛው የታችኛውን ይጨፈልቀዋል። ጥልቀት የሌለው ቅርጫት ይበቃል። አለቃቀሙንም አሳዪ፦ ፍሬውን ጨብጦ መጎተት ሳይሆን ቀንበጧን በጥፍር መቁረጥ።

ባለ እርሻዋ፦ እሺ፣ የኋለኛውን መደብ ዛሬ እከፍታለሁ። መሬት የወደቀውንስ ጨምቄ ልሽጠው?

ጋሼ ተክሉ፦ ኧረ ተይ! አፈርና የእንስሳ ኩስ የነካውን ጭማቂ ለሰው አይሰጥም። እዚያው መተውም አይሆንም፣ ዝንብ ይፈለፈልበታል። በብርሃን አስተላላፊ ላስቲክ አጥብቀሽ ቋጥሪና ፀሐይ ላይ ጥቂት ቀን አቆዪው፤ ትሉ ይሞታል። ከዚያ ወደ ኮምፖስት።

ቅጠልያ፦ ጋሼ፣ ለቲማቲምም ይሠራል?

ጋሼ ተክሉ፦ ቲማቲምን ሌላ ቀን ጠይቂኝ።

የሞተር ሐኪም፦ ማራገቢያው ይዞራል ወይ ነው ያልኩት!

ሆዴ ባዶ፦ ዝም አለች። ወይ ድስት ላይ ናት፣ ወይ እየበላች ነው።